የእንሰቱ ማሳ መሐላ

(ሶዶ ገጠር፣ ሰይፍ የተቀረጸበት የጥንት ትክል ድንጋይ አጠገብ፤ ባሏ ለገሠ የሞተባት አየለችና የባሏ ወንድም ደምሴ ስለ እንሰት ማሳ ድንጋዩን ነክተው ሊምሉ ወጥተዋል፤ ሽማግሌዎች ከታች ከዛፍ ጥላ ሆነው ከሩቅ ያዩዋቸዋል።)

ደምሴ፦ ሳትነኪው እንመለስ ነው የምልሽ። በሐሰት የነካው ዓመት አይደርስም። ልጆችሽን አስቢ።

አየለች፦ ለልጆቼ ማዘን ዛሬ ጀመርክ? እንሰታቸውን ስትነቅል ይሄ አንጀትህ የት ሄዶ ነበር?

ደምሴ፦ የነቀልኩት የአባቴን እንሰት ነው። የጠሉት ይወርሳል ሲሉ እንዳንቺ ያለችውን ነው።

አየለች፦ ከአባትህ የደረሰህንማ በጊዜ ተቀብለህ ቡታጅራ ሱቅ ከፈትክበት። ይሄኛው የለገሠ ነው። ሲሞት ደግሞ ለእኔ ሰጠኝ።

ደምሴ፦ ማን ሰማ?

አየለች፦ አንተ። ራሱን ደግፈህ የያዝከው አንተ አልነበርክም?

ደምሴ፦ ትኩሳት ነበር የሚያናግረው።

አየለች፦ ለሽማግሌዎቹ እኮ ምንም አልተናገረም ነው ያልካቸው።

ደምሴ፦ ምስክር የለሽም፣ የሞተ አይመሰክርም። ምን ታመጫለሽ?

አየለች፦ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። ለገሠ ቢኖር በዚያ በር አታልፍም ነበር። ዞር በል፣ ልንካው።

ደምሴ፦ አየለች፣ ተይ...

አየለች፦ ለገሠ ማሳውን ለእኔ ካልሰጠኝ፣ የልጆቼን ወግ ማዕረግ አያሳየኝ። ይኸው ነካሁት። አይናከስም። አሁን ያንተ ተራ ነው።

ደምሴ፦ እኔ በድንጋይ አልምልም። የጥንት ሰው መቃብር ምልክት ነው። ቱሪስት መጥቶ ፎቶ የሚያነሳው ቅርስ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም።

አየለች፦ ቅድም ዓመት አያደርስም ያልከኝ ሌላ ድንጋይ ነው?

ደምሴ፦ ትፈሪያለሽ ብዬ ነዋ።

አየለች፦ እሺ፣ አንተ የማትፈራው ንካው። እጅህን ከጃኬትህ ኪስ አውጣ፣ ሰዎቹ እያዩህ ነው።

ደምሴ፦ በርዶኛል።

አየለች፦ በዚህ ፀሐይ?

ደምሴ፦ ስሚ፣ ለምን የሰው መሳቂያ እንሆናለን? ተስማማን እንበላቸውና እንውረድ። ግማሹን ውሰጂ።

አየለች፦ እያጣጣረ ልጆቼን አደራ ሲልህ አልቅሰህ እሺ አልከው። እኔም አምኜህ ነበር። አሁን ፊትህን ማየት አስጠልቶኛል።

ደምሴ፦ ጥዪኝ። ግማሹን ሰጥቼሻለሁ፣ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?

አየለች፦ ደምሴ፣ አንተ የራስህን ማሳ ግማሹን ለሰው የምትሰጥ ሰው ነህ?