የጨው ጣሳ ቋጠሮ

መኪና ላይ የማታውቁት ሰው ወሬ ይዟችሁ መውረጃችሁን ልትረሱ ደርሳችሁ ታውቃላችሁ? እኔን ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በሚሄደው አውቶቡስ ላይ ገጥሞኛል። ከፊቴ አንዲት ዓይነ ስውር እናትና አንድ ነጋዴ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር።

«እናቴ፣ ብቻዎን ነው የሚኖሩት?» አላቸው ነጋዴው።

«ብቻዬን፤ አልሐምዱሊላህ። ቀበሌ መንግሥት ከወረሳቸው ቤቶች አንድ ክፍል ሰጥቶኛል።»

«ማን ያበስልልዎታል?»

«እኔው ነኛ። ዓይኔ እንጂ እጄ መች ጠፋ?»

«ጨዉን ከስኳሩ በምን ይለያሉ?»

«መጀመሪያማ አልለይም ነበር። የሴቶች ማኅበር እንድታግዘኝ የላካት ልጅ፣ ጨው የጨመርኩበትን ሻይ ዝም ብላ ጠጣችልኝ። በነጋታው ገመድ ይዛ መጣች። የጨው ጣሳው ላይ አንድ ቋጠሮ፣ የበርበሬው ላይ ሁለት ቋጠሮ አሰረች። ከበሬ እስከ መጸዳጃውም ገመድ ወጠረችልኝ። አላህ ዕድሜዋን ያርዝመው፤ ሥራዬን አልቀማችኝም።»

«ታዲያ ውጫሌ ምን ሊሠሩ ነው?»

«ልጄ እዚያ ነው። ቤቱን ለቀሽ እኔ ዘንድ ካልኖርሽ ሞቼ እገኛለሁ ይላል።»

«እሱ ዘንድ ሊገቡ ነው?»

«ኧረ ምሳ ልጠራው ነው።»

«መጥቶም ሐሳቡን ባይለውጥስ?»

«መጀመሪያ ወጤን ይብላ፤ ከዚያ አፍ ካለው ይናገር።»

«እኔንም በጠሩኝ።»

«አንተም ና፤ ምስክር ትሆነኛለህ።»

እኔ እስክወርድ ድረስ ዓይኔን ጨፍኜ ቤቴ ውስጥ ክብሪቱ የት እንዳለ በሐሳቤ ስዳብስ ቆየሁ፤ እስቲ እናንተም ሞክሩት።