የአርባ አንዱ ቤቶች ጽሑፍና ያንቀላፋችው ኮምፒውተር

ኬራማት አሚን የጣፋጭ ካርቶን የምታክለውን ኮምፒውተር በጋምቻ፣ በአንገት ፎጣቸው ጠቅልለው፣ ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ጀልባው ላይ ሲወጡ፣ ከወንዙ ማዶ ላለው የቁርጥራጭ ብረት ገዢ ሊሰጧት ቆርጠው ነበር። ምንም ይስጣቸው ምንም፣ ከቤታቸው ትውጣላቸው እንጂ ሌላው ጉዳያቸው አልነበረም። እኚህ ሰው ዕድሜ ልካቸውን መሬት ሲለኩ የኖሩ ቀያሽ ናቸው፤ አገሩም «አሚን»፣ መሬት ለኪ፣ የሚላቸው ለዚሁ ነው። ከሰው ጋር መጫወት የሚወዱ ሰው ዛሬ ጥግ ፈልገው፣ ፊታቸውን ወደ ውኃው አዙረው ቁጭ አሉ።

ግን ጀልባው ሞልቶ ነበርና አንዲት ወጣት መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች። ፋህሚዳ ትባላለች። ፖሊቴክኒክ ተምራ የወጣች ናት፤ ማዶ ወደቡ ገበያ ውስጥ ኮምፒውተር የምትሸጥበትና የምትጠግንበት ሱቅ አላት።

«ቻቻ» አለች እንደ አጎት ጠርታቸው፣ ጥቅሉን አይታ፣ «ያ ጣፋጭ ከሆነ ለብቻ መብላት ነውር ነው።»

«ጣፋጭ? መርዝ በይው እንጂ እናቴ!» ጋምቻውን ገለጥ አድርገው አሳዩዋት።

«ውይ! ይቺማ የኛ ሙያ ናት። ምን ሆነችብዎ?»

«ምን ያልሆነችው አለ? አንቀላፋች። ብነካካት፣ ብደበድባት አልነቃ አለች። በመጨረሻ ስትነሣ ደግሞ የሰጠኋትን አደራ ሁሉ ክዳ ቁጭ! እንዲህ ያለ ከሃዲ በዕድሜዬ አላየሁም።»

አደራው ምን እንደነበረ መናገር የግድ ነው። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት የፓድማ ወንዝ ቻር ኮልሚ የምትባለውን መንደራቸውን ከነመስጊዷ፣ ከነመቃብሯ በላት። ሰዉ ተበተነ፤ ጥቂቱ ብቻ ወንዙ ዳር ግድቡ ላይ ሰፈረ። ዛሬ ልጆቹ ከየከተማው እየመጡ ዳር ላይ ቆመው ውኃውን ያያሉ፤ የአባታቸው ቤት፣ የእናታቸው መቃብር በየት በኩል እንደነበር የሚነግራቸው የለም። ይህን ሁሉ በልባቸው የያዙ አንዲት ሴት ብቻ ቀርተዋል፤ ሰዉ ሁሉ ኻላ፣ አክስቴ፣ የሚላቸው የዘጠና ዓመቷ ጉልባሃር። አርባ ዓመት የመንደሩን ሴቶች ሬሳ ሲያጥቡ የኖሩ ስለሆኑ ያልገቡበት ቤት፣ ያልሸኙት ቀብር የለም። ሥራ ከአገር አገር ሲያዞራቸው የኖሩት ኬራማት ሃያ ሁለት ቀን ሙሉ እግራቸው ሥር ተቀምጠው የአርባ አንዱን ቤት ነገር ጠየቁ፤ ማን ከማን ይዋሰን እንደነበር፣ ማን ከየትኛው ዛፍ ሥር እንደተቀበረ ሰሙ። ማታ ማታም በሁለት ጣት እየለቀሙ ኮምፒውተሯ ላይ ጻፉት። በሃያ ሦስተኛው ቀን ጠፋ።

«በምን ጠፋ?» አለች ፋህሚዳ፣ አሁን ቀልዷን ትታ።

«በቦይሻክ ወር፣ በመጀመሪያው አውሎ ነፋስ ቀን ነው። አንቺ ልጅ ነሽ፣ የዱሮው ደንብ አይገባሽ ይሆናል፤ በኛ ቤት ነጎድጓድ ከተሰማ ሶኬት ላይ የሚቀር ነገር የለም። የጎረቤቴ ቴሌቪዥን ዓይኔ እያየ ጢስ ሆኗል። ያን ቀን ሰማዩ ሲያጉረመርም ሮጬ ገባሁ። ስክሪኑ ጨልሟል። ኪቦርዱን ብነካ ዝም። ከጠፋች እንግዲህ ምን ትሆናለች ብዬ የግድግዳውን ማጥፊያ ቀጭ አደረግኩት፣ ሶኬቱንም ነቀልኩት።»

«ትንሿ መብራትስ? በርታ ነበር ጠፍታ?»

«ብልጭ ድርግም ትል ነበር።»

ፋህሚዳ ዓይኗን ጨፈነች። «ቻቻ፣ ጽሑፉን ሴቭ አድርገውት ነበር?»

«ለምን ብዬ? ሃያ ሁለት ቀን እኮ ጠዋት ስከፍታት ገጹ እንደተውኩት ይጠብቀኛል። ደብተሬን ጠረጴዛ ላይ ገልጬ ብተወው ማን ይነካዋል? እንደዚያ ነው የያዝኩት።»

«ችግሩ እሱ ነዋ! ኮምፒውተር ሲያሸልብ ገጹን የትም አላስቀመጠውም። በእፍኝ እንደተያዘ ውኃ ነው፤ እጁ እንዳይላላ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ብልጭ ድርግም የምትለው መብራት ‹ይዤልሃለሁ፣ አትንቀለኝ› ማለቷ ነው። እርስዎ ሲነቅሉት ፈሰሰ።»

«ታዲያ ለምን አልነቃችም? ሕያው ከሆነች ስጠራት አቤት አትልም?»

«ከዚያ በፊት ኪቦርዱን ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው አዛውረውት ነበር?»

ኬራማት አሰቡ። ሚስታቸው ሱርጃ ባኑ ለኮምፒውተሯ በጥልፍ ያጌጠ ልብስ ሰፍተውላት ነበር፤ ከፊት ያለው ሽቦ ልብሱን እየገፋ አላስቀምጥ ስላላቸው ኬራማት ከኋላ ሰክተውታል። ይህንኑ ነገሯት።

«አዩ! አንዳንዱ ቀዳዳ ማሽኑ ሲያሸልብ አብሮ ይተኛል። ከዚያ በኋላ ኪቦርዱን ቢደበድቡት ማን ይሰማል? የመክፈቻውን ቁልፍ አንዴ ጫን ቢሏት ኖሮ ትነሣ ነበር።»

«አንዴ ጫን» አሉ ኬራማት።

«አንዴ ብቻ።»

ሽማግሌነታቸው ትዝ ሲላቸው ቆጣ አሉ። «እሺ፣ ይሁን። ግን ልጠይቅሽ፤ እኔ አርባ ዓመት በወረቀት ስሠራ ወረቀቴ አሸልቦብኝ አያውቅም! ራሷ ትተኛለች፣ ራሷ ትነቃለች። አንድ ቀን ሰው በሌለበት ክፍል ቦግ ብላ ብትበራ ሱርጃ ባኑ ጂን ገብቶባታል ብላ ቁርዓን ልታስቀራባት ነበር።»

ፋህሚዳ ሳቋን መያዝ አቃታት። «ማውሱ ነው ቻቻ! ጠረጴዛው ሲነቃነቅ ማውሱ ይንቀሳቀሳል፣ እሱም ይቀሰቅሳታል። መቀስቀስ እንዳይችል መከልከል ነው። ጂኑ እዚያው ይወጣል።»

«አንቺ ለሁሉም መልስ አለሽ። እኔ ግን በቃኝ። ለብረት ገዢው እሰጣታለሁ። ነጎድጓድ ሲመጣ መንቀሌንም አልተውም።»

«እሱን ማን ተዉ አለዎት? መንቀልዎ ልክ ነው። አውሎ ነፋስ በሚበዛበት አገር የማይነቅል ሰው ሞኝ ነው። ስሕተቱ ከመንቀሉ በፊት ያልተደረገው ነገር ላይ ነው።»

ሽማግሌው ይህን አልጠበቁም። የተማረ ሁሉ ደንባቸውን ሲንቅባቸው ስለኖረ፣ ልክ ነዎት መባሉ አለዘባቸው። ኮምፒውተሯንም ትያት ብለው አቀበሏት። ፋህሚዳ ገልበጥ አድርጋ ሆዷን ስታይ ግን ፊቷ ተለዋወጠ። እዚያ ላይ አንዲት ቢጫ ወረቀት ተለጥፋለች፤ የራሷ ሱቅ ስም ተጽፎባታል።

«ይቺን ማን ገዛልዎ ቻቻ?»

«የትልቋ ልጄ፣ የናዝኒን ስጦታ ናት።»

«ቀይ መነጽር የምታደርገዋ?»

«አዎ። ታውቂያታለሽ?»

ፋህሚዳ ወረቀቷን በአውራ ጣቷ ዳበሰች። ጀልባው ከወንዙ መካከል አልፎ ነበር።

«እኔ ነኝ የሸጥኩላት» አለች። «‹አባቴ ሽማግሌ ነው፣ ብዙ ነገር አይገባውም› አለችኝ። እኔም ‹አታስቢ፣ ሴቭ ምናምን እያልሽ አታስጨንቂው፤ ዝም ብሎ ያስተኛት፣ ስትነሣ እንደተወው ያገኘዋል› አልኳት። ከአፌ የወጣው ይኸው ነው። ሽማግሌ ነው፣ አይገባውም ብዬ ማስተማሩን ዘለልኩት። ይቅር ይበሉኝ ቻቻ።»

ኬራማት አዩዋት። ለሦስት ወር ያህል የሚቆጡት አጥተው ማሽን ሲሰድቡ ኖረዋል፤ አሁን የሚቆጡት ሰው አጠገባቸው ቁጭ አለ፤ ቁጣው ግን አልመጣላቸውም።

«ባትነግሪኝም ኖሮ ማንም አያውቅብሽም ነበር» አሉ።

«እኔ አውቀው የለ።»

ማዶ ሲደርሱ ኬራማት ወደ ብረት ገዢው አልሄዱም። ፋህሚዳ ሱቋን ከፍታ ኮምፒውተሯን ከስክሪን ጋር አገናኘቻት። የጠፋውን ጽሑፍ ፈልጋ ፈልጋ ስታበቃ ራሷን ነቀነቀች፤ አንድም ቃል አልተገኘም። ከዚያ ኪቦርዱ መቀስቀስ እንዲችል ፈቀደችለት፣ ማውሱን ከለከለችው፣ የመክፈቻው ቁልፍ ሲጫን ደግሞ በሸለብታ ፈንታ ድብን ወዳለው እንቅልፍ እንድትሄድ አደረገች።

«ይሄኛው እንቅልፍ ሌላ ነው» አለች። «ከመተኛቷ በፊት በእጇ ያለውን ሁሉ ሆዷ ውስጥ ቆልፋ ታስቀምጣለች። ይጻፉ እስቲ።»

ኬራማት በሁለት ጣት «ጉልባሃር» ብለው ጻፉ። ቁልፉን ተጫኑ። ስክሪኑ ጨለመ።

«ቆይ! ትንሿ መብራት ጥፍት እስክትል ይጠብቁ። አሁን ይንቀሉ። በገዛ እጅዎ!»

ነቀሉ። መልሰው ሰኩ፣ አንዴ ጫን አደረጉ። ጥቂት ቆይታ ስክሪኗ ስትበራ «ጉልባሃር» እንደተጻፈ ተቀምጧል። ሽማግሌው በጋምቻቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

«ይሄን ያህል ቀላል ነበር?» አሉ ከጋምቻው ሥር። «ይሄን ያህል?»

«ቀላል ነበር። እንደዚህም ሆኖ ታዲያ እንቅልፍ ማስቀመጫ አይደለም። እያንዳንዱ ቤት ሲያልቅ ሴቭ፣ ማታ ደግሞ አንድ ቅጂ ፍላሽ ላይ። ልብሷንም ስትሠራ ያውልቁላት፤ ትታፈናለች። ቢጠሉኝም አንድ ነገር ልጨምር ቻቻ፤ ጉልባሃር ኻላ መጥፋቱን ያውቃሉ?»

ኬራማት አንገታቸውን ደፉ። «አልነገርኳቸውም። በምን ዓይኔ? በየሳምንቱ እሄዳለሁ፣ ‹እንዴት ሆነ ጽሑፉ?› ይሉኛል፣ ‹ደህና ነው› እላለሁ።»

«ሦስት ወር?»

«ሦስት ወር።»

«ይንገሯቸው። ዛሬውኑ። አብሬዎ እሄዳለሁ፤ ጥፋቱ የጋራችን ነው። ኀፍረቱ ለአንድ ቀን ነው፤ የሳቸው ዕድሜ ግን ቆሞ አይጠብቅዎትም።»

ሽማግሌው አንድ ሁለቴ ተከራከሩ። ኻላ ይቀየሙኛል አሉ፣ ትኩሳት ላይ ናቸው አሉ፣ ለሌላ ሳምንት ይሁን አሉ። ፋህሚዳ ግን «ትኩሳት ላይ ናቸው?» ብላ ሱቋን ቆለፈች፤ በመጣችበት ጀልባም አብራቸው ተመለሰች።

ጉልባሃር ኻላ በረንዳው ላይ ምንጣፍ ተነጥፎላቸው ተጋድመው ነበር። ኬራማት እግራቸው ሥር ቁጭ ብለው ሁሉንም ተናገሩ፤ ነጎድጓዱን፣ ሶኬቱን፣ የሦስት ወሩን ውሸት። ፋህሚዳም የራሷን ድርሻ ተናገረች።

አሮጊቷ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር።

«እኔኮ ተጽፏል ስትለኝ ጊዜ ተውኳቸው» አሉ።

«ምኑን ኻላ?»

«በየማለዳው ከስግደት በኋላ ከመጀመሪያው ቤት እስከ መጨረሻው ስማቸውን እየጠራሁ ዱዓ አደርግላቸው ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት። እንዳይጠፉብኝ ብዬ ነው። አንተ መጥተህ ‹በቃ ተጽፏል፣ አሁን ይረፉ› አልከኝ። ደክሞኝ ነበር ልጄ። አረፍኩ። ሳልጠራቸው ስቀር ብዙዎቹ ጠፉብኝ።»

ኬራማት እግራቸውን ይዘው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ጽሑፉ በጠፋ በነጋታው ቢነግሯቸው ኖሮ አርባ አንዱም ቤቶች በአሮጊቷ ልብ ውስጥ ነበሩ። ይህንን ደግሞ በማሽን ማሳበብ አይቻልም።

በሉ እንግዲህ የቀረውን እንልቀም አሉ ጉልባሃር። አሥራ አንድ ቀን ለቀሙ። አንዱ ቤት ሲያልቅ ኬራማት ሴቭ ያደርጋሉ፤ አሮጊቷም «ቆለፍካቸው?» ይላሉ። «ቆለፍኳቸው ኻላ።» በአሥራ ሁለተኛው ቀን ድምፃቸው ከዳቸው። ከአርባ አንዱ አሥራ ሰባት ቤት ተገኘ።

ፋህሚዳ ከዚያ ወዲህ ሽማግሌ ሲገዛት ሱቋ አስቀምጣ ሳታስተምር አትሸጥም፤ አይገባቸውም ትላቸው የነበሩት ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ገብቷቸው ሲወጡ እያየች በራሷ ታዝናለች። በግድቡ ሰፈርም ነጎድጓድ ሲሰማ ሰዉ እንደ ቀድሞው ወደ ሶኬቱ ይሮጣል፤ አሁን ግን ሴቭ ያደርጋል፣ ቁልፉን ይጫናል፣ ትንሿ መብራት እስክትጠፋ ይጠብቃል፣ ከዚያ ይነቅላል። የትምህርት ቤቱ ፈተና፣ የክሊኒኩ የክትባት ዝርዝር፣ የልጆች ደብዳቤ ከዚያ ወዲህ በመጣው አውሎ ነፋስ አልጠፋም። ይህን ያስተማሯቸው ኬራማት አሚን ናቸው። ቤት ለቤት እየዞሩ፣ ስሕተታቸውን ሳይደብቁ እየተናገሩ አስተማሩ።

በመከር ወራት አንድ ሰው ከዳካ መጣ። ሞፊዝ እባላለሁ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ አለ፤ ጸጉሩ ሸብቷል። «የቻር ኮልሚ ጽሑፍ እርስዎ ጋ ነው አሉኝ። አባቴ ሀቲም ይባል ነበር። ጀልባ ሠሪው።»

ኬራማት አሥራ ሰባቱን ቤት ያውቋቸዋል፤ ቢሆንም ኮምፒውተሯን ቀሰቀሱና ከላይ እስከ ታች አነበቡ።

«የለም» አሉ።

«ወንዙ ወስዶት ይሆናላ።»

«ወንዙ ወስዶት ጉልባሃር ኻላ አስቀርተውት ነበር። የአባትህን ቤት በእጄ ጽፌዋለሁ፤ በር ላይ ምን ዛፍ እንደነበረ ሳይቀር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ሰውየው ወደ ደጁ ዞረ። «ኻላን ልጠይቃቸዋ?»

«ባለፈው ወር ቀበርናቸው።»

ሁለቱም ተነሥተው ወደ ወንዙ ዳር ወጡ። ሞፊዝ ጫማውን አውልቆ እጁን ለዱዓ ዘረጋ፤ ከዚያም መልሶ አወረደው።

«ወደ ቤታችን በየት በኩል ልዙር ቻቻ?»

«ወደ ውኃው» አሉ ኬራማት።

«ውኃው እኮ ሰፊ ነው» አለ ሰውየው።