በመጀመሪያው ጥሪ

(አዳማ፤ የአንድ የዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ቢሮ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል። ሜላት ኮምፒውተሯ ላይ አቀርቅራለች፤ እናቷ ወይዘሮ ውዳላት በሩን ከፍተው ገብተዋል።)

ሜላት፦ እቴቴ፣ በሩ ላይ የተለጠፈውን አላየሽም?

ውዳላት፦ አይቼ አንብቤዋለሁ። ፊደል በፊደል፣ ቆሜ። «እባክዎ አይረብሹ» ይላል። የማታ ትምህርት ገብቼ ከክፍል ውጭ የመጀመሪያ ያነበብኩት ይሄ ሆነ፤ የገዛ ልጄ አንቱ ብላ ስታባርረኝ።

ሜላት፦ ለአንቺ አይደለም። ሥልጠና ላይ የነገሩን ነው። በር ዝጉ፣ ስልክ መሳቢያ ውስጥ ክተቱ፣ ዋናውን ሥራ ያዙና እስኪያልቅ ሌላ አትንኩ።

ውዳላት፦ ለካ ለመሳቢያ ነው ስደውል የዋልኩት።

ሜላት፦ መኪኖቻችን ወደብ ላይ ቆመዋል። ሰነዱን ዛሬ ካልላክሁ እዚያው ያድራሉ፤ እኔም ነገ ሥራ የለኝም። ምንድን ነው? ሶሲ አመማት?

ውዳላት፦ አላመማትም። መጀመሪያ ተቀመጪ በይኝ።

ሜላት፦ ተቀመጪ። እየጻፍኩ እሰማሻለሁ።

ውዳላት፦ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም።

ሜላት፦ ሥልጠናው ላይም ይሄንኑ ነው ያሉን፤ በእንግሊዝኛ ሆኖ ተወደደ እንጂ።

ውዳላት፦ ልጅሽ ሰው ሳይጠራት አቤት ትላለች።

ሜላት፦ ልጅ አይደለች? ትጫወታለች።

ውዳላት፦ እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ልብስ እያሰጣሁ «አቤት እማዬ» ብላ ሮጠች። የመጣሽ መስሎኝ ተከተልኳት፤ ግቢው ባዶ ነው። በማግሥቱም፣ ልክ እንዲህ ጀንበር ስታዘቀዝቅ። ትናንትም።

ሜላት፦ ወዴት ነው የምትሮጠው?

ውዳላት፦ ወደ ጓሮ። ወደ ጉድጓዱ።

ሜላት፦ ክዳን አለው እኮ።

ውዳላት፦ ዝገት የበላው ቆርቆሮ ክዳን ከሆነ አለው። ግንበኛ ጥሪ ካልኩሽ ክረምቱ ገብቶ ወጣ። «ተራው ይደርሳል» ትይኛለሽ።

ሜላት፦ ይደርሳል። ይሄን ልጨርስና።

ውዳላት፦ ዛሬ ደግሞ ሳይመሽ፣ ገና በቀትር ቆርቆሮው ላይ ተንበርክካ አገኘኋት። በቀዳዳው ቁልቁል እያየች «መጣሁ እማዬ» ትላለች። መጻፍ ተውሽ?

ሜላት፦ ቁጥር ተሳስቼ ነው። እቴቴ፣ ያንን የጋኔን ወሬሽን ነግረሻታል።

ውዳላት፦ ነግሬያታለሁ። እናቴ ለእኔ፣ እኔ ለአንቺ የነገርነውን። ሲመሽ ፊቱን ያላየሽው ቢጠራሽ፣ በመጀመሪያው ጥሪ አቤት አትበይ። ሰው ከሆነ ደግሞ ይጠራል፤ ያኛው አይደግምም።

ሜላት፦ ይኸው! አስፈራርተሻታል።

ውዳላት፦ በፈራችማ። ምን አለችኝ መሰለሽ? «እማዬም አንዴ ብቻ ነው የምትጠራኝ። ቶሎ ካልደረስኩ ስልክ ይወስዳታል።»

ሜላት፦ እንደዚያ አለች?

ውዳላት፦ ምን ልመልስላት? ትጠሪያታለሽ፤ ሮጣ ስትመጣ ስልኩ ጆሮሽ ላይ ነው፣ በእጅሽ «ቆይ» ትያታለሽ። ያኛው ቆይ አይላትም።

ሜላት፦ ያኛው የሚባል የለም፣ እቴቴ።

ውዳላት፦ እኔም የለም ብል ደስ ባለኝ። ዛሬ ግን ሰማሁት።

ሜላት፦ ምኑን?

ውዳላት፦ «ሶሲ» ሲል። ድምፁ የአንቺ ነው። ያንቺው ራሱ፤ ብቻ አይቸኩልም።

ሜላት፦ አሁን ከማን ጋር ናት?

ውዳላት፦ ከጎረቤታችን ከዘነቡ ጋር፣ ቤት ውስጥ። በሩን ዝጊ ብያታለሁ፤ ስልኬንም ትቼላቸዋለሁ። ነይና ፀሐይ ሳትገባ ፊቷ ቆመሽ ጥሪያት። ድምፅሽን ከነፊትሽ ትየው። ሌላ አልለምንሽም።

ሜላት፦ ግማሽ ሰዓት ስጪኝ።

ውዳላት፦ እኔ ልስጥሽ፤ ጀንበሯ ትሰጥሻለች?

ሜላት፦ እሺ፣ በስልክ ልጥራት። ድምፄን ከሰማች ትረጋጋለች። የመሳቢያው ቁልፍ… ይኸው።

ውዳላት፦ ደውይ።

ሜላት፦ ሃሎ? ሶሲዬ፣ አንቺ ነሽ ያነሳሽው? እማዬ ነኝ። ዘነቡ የት ሄደች?… ሱቅ? በሩስ?… ሶሲ? ሶሲ!

ውዳላት፦ ምን አለች?

ሜላት፦ ተነሽ እቴቴ። ተነሽ፣ እንሂድ።

ውዳላት፦ ሰነዱስ?

ሜላት፦ «እማዬ ከጓሮ እየጠራችኝ ነው፤ አንቺ ማነሽ?» ብላ ዘጋችብኝ።