ከምግብ በፊት ግማሽ ሰዓት

ነይ እስቲ፣ ካውያሽ እስኪግል እዚህ ከማሽኔ አጠገብ አረፍ በይ። እህትሽ በደህና ተገላገለች? እሰይ። ዋናው ጤና ነው፣ ወንድም ሆነ ሴት። አንቺ ግን ከሳሽ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ አራስ ማስታመም ቀላል አይደለም። ካውያሽንስ አየሽው? የተካችሽ ሴት ውኃ ሳትጨምርበት ስታስጮኸው ከረመች። ሦስት ሸሚዝ አቃጥላ አራተኛውን «ሞዴሉ ነው» አለችን።

እኛማ ምን እንሆናለን? ሸሚዝ ይመጣል፣ ሸሚዝ ይሄዳል። ጮክ ብዬ የማወራው የማሽኑ ጩኸት ጆሮዬን ስለያዘኝ ነው እንጂ ለሌላ አይምሰልሽ። የተቆጣጣሪዋ የመስታወት ክፍል በር ክፍት ነው? ይሁን፣ ክፍት ይሁን። ሙቀቱ ነው። ሰው አየር ያስፈልገዋል… በተለይ ለእኛ ብሎ የሚደክም ሰው።

የኮሌታ ሰፊዋ ወንበር ባዶ መሆኑን አይተሻል። አትደንግጪ፣ አልሞተችም። ታች ልብስ መቀየሪያው ክፍል ቁጭ ብላ አሥር ሰዓት እስኪሆን ትጠብቃለች። አሥር ሰዓት ላይ አንድ ደብዳቤ ወደ ሥራ አስኪያጁ ይወጣል፤ ከፈረመበት ነገ ሌላ ሴት ኮሌታ ትሰፋለች። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ገጽ አለቀ ማለት ነው። ለምን አትይኝም? በሆዷ ምክንያት።

ስም አልጠራም፤ ስም መጥራት የሐሜተኛ ሥራ ነው። ግን አንዲት ሰው አለች… እንዴት ያለች ሥርዓት አዋቂ መሰለችሽ! አንቺ በሄድሽ ማግሥት የመጸዳጃ ቤቱን ቁልፍ ከባዶ የክር ማጠንጠኛ ጋር አስራ ምስማር ላይ ሰቀለችው። ቁልፉን ያነሳች ሁሉ ስሟን፣ የሄደችበትንና የተመለሰችበትን ሰዓት መዝገብ ላይ ትጽፋለች። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ስንት የነገሥታት ታሪክ አነበብኩ፤ ሰው ስንት ጊዜ እንደ ተቀመጠ በቀይ እስክሪብቶ እያሰመረ የሚያቆይ ታሪክ ጸሐፊ ግን አላጋጠመኝም። ለትውልድ ይጠቅም ይሆናል፣ ማን ያውቃል?

ኮሌታ ሰፊዋን ታውቂያታለሽ፤ ሆዷን ይቆርጣታል። ሐኪሙ መርምሮ መርምሮ፣ አንጀትሽ ቁስል የለበትም፣ ግን ቁጡ ነው አላት። ክሩ ከልክ በላይ እንደ ጠበቀበት ማሽን ነው፤ ትንሽ ሲነካ ይኮማተርና ጨርቁን ሁሉ ያጨማድደዋል። ያንን የሚያላላ ክኒን ሰጣት። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በፊት ግማሽ ሰዓት። አፍ ያደርቃል፣ አንዳንዴም ዓይን ያደበዝዛል፣ ታገሺው አላት። ይኸው ነው። ይህ ምኑ ያሳፍራል?

ያቺ ሰው ግን አሰበችልን። ማሽን ላይ መድኃኒት ከተቀመጠ ጨርቅ ያበላሻል ብላ ክኒኑን መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችባት፤ የማታና የጧቱን ብቻ ወደ ቤት ስትሄድ ትሰጣታለች። ስለዚህ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ ለምሳ ግማሽ ሰዓት ሲቀረን፣ ኮሌታ ሰፊዋ ሠላሳ ሴት ፊት ቆማ ክኒኗን ትለምናለች። ያቺ ደግ ሰውም ከዳር እስከ ዳር በሚሰማ ድምፅ «የሆድሽ ሰዓት ደረሰ?» ትላታለች። እንዲህ ያለ አስታዋሽ ከየት ይገኛል? እናት እንኳ አታደርገውም።

ከዚያማ ክኒኑ ማለቅ ጀመረ። የአሥር ቀኑ በስድስት ቀን። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል… ከአንጀት ለታመመ ግን ክኒን ይገደዋል። ሐኪሙ ቀጠሮው ሳይደርስ ሌላ አልጽፍም አላት፤ ሦስት ቀን ያለ መድኃኒት ዋለች። በሦስተኛው ቀን ቁልፉን ዘጠኝ ጊዜ አነሳች። ዘጠኙም በቀይ ተሰመረ። አዲሱን ክኒን ይዛ ስትመጣ ያም መሳቢያ ገባ፣ ደብዳቤውም ተጻፈ። ሥራ ትፈታለች፣ መድኃኒት ያለ ልክ ትውጣለች ይላል አሉ። እኔ ምን እላለሁ? የተማረ ሰው የጻፈውን እኔ ማን ሆኜ ነው የምጠራጠረው?

ብቻ… እጅ የለመደውን አይተውም። ኮሌታ ሰፊዋ ክኒን እንዴት እንደምታወጣ አስተውለሽ ታውቂያለሽ? በመቀስ ነው። ከዳር ጀምራ አንድ አንዱን ትቆርጥና፣ ኮሌታ ከመገልበጧ በፊት ጫፉን እንደምትቀነጥበው፣ የማሸጊያውንም አራት ጫፍ ትቀነጥበዋለች። ለምን ብትያት አታውቀውም። ባለፈው ሐሙስ የወደቀችብኝን መርፌ ስፈልግ አንድ የቆሻሻ ቅርጫት ሥር ደረስኩ፤ የማን ቅርጫት እንደሆነ አልናገርም። እዚያ የዚያው ክኒን ማሸጊያ ወድቋል። መቀስ አልነካውም። ከመሃሉ በአውራ ጣት የተበረገደ፣ ስምንት ጉድጓድ። አይጥ ናት አልኩ። ግን ምን ዓይነት የተማረች አይጥ ትሆን፣ መሳቢያ በቁልፍ ከፍታ፣ ተጠቅማ፣ መልሳ የምትቆልፍ?

ክፉ ሰዎች ያቺን ሰው አንጀት የላትም ይሏታል። እኔ ሁልጊዜ እሟገትላታለሁ። አንጀት ባይኖራት ምኗን ይቆርጣት ነበር? ከንፈሯን እየላሰች በቀን ሦስት ጠርሙስ ውኃ የምትጨርሰው ለጌጥ ነው? መዝገቡንስ ክንዷን ዘርግታ ዓይኗን አጥብባ የምታነበው? ደግሞ የመዝገቡ ነገር… ሁለት ሳምንት ሙሉ ስሟ አንድ ጊዜ እንኳ አልሰፈረበትም። አንድ ጊዜ! እንዲህ ያሉት መላእክት ብቻ ናቸው። በኪሷ ሲያቃጭል የምሰማው ሁለተኛ ቁልፍ የገነት መሆን አለበት።

እኔን የሚያሳዝነኝ አወሳሰዱን አለማወቋ ነው። ከምሳ በኋላ ነው የምትውጠው፤ ሆዷ ከተኮማተረ በኋላ። ስለዚህ ቶሎ አያሽላትም፤ ካላሻላት ሌላ ትጨምራለች። ኮሌታ ሰፊዋን ብትጠይቃት እኮ «እትዬ፣ ከምግብ በፊት ግማሽ ሰዓት ነው» ብላ ከራሷ ታካፍላት ነበር፣ አራቱን ጫፍ ቀንጥባ። ሐኪሙንም ታሳያት ነበር። ግን እንዴት ይጠየቃል? ሠላሳ ሴት ፊት? ድንገት «የሆድሽ ሰዓት ደረሰ?» የሚላት ቢመጣስ?

ሆድ ለባሰው መቀስ አታውሰው ይሉ የለ… እኔ እንኳ ሆድ አልባሰኝም፤ መቀሱም የራሴ ነው። ሥራዬን እሠራለሁ። የሥራ አስኪያጁ ኮት ገበሩ ተቀዶ ነበር፣ ጨርሼዋለሁ። አሥር ሰዓት ላይ አደርስለታለሁ። ከደብዳቤው ጋር አንድ ላይ መውጣታችን፣ እንዴት ያለ ግጥምጥሞሽ ነው? ያቺን ማሸጊያ ግን የት እንዳስቀመጥኳት ጠፋብኝ። እርጅና ነው። የመርፌ ቆርቆሮዬ ውስጥ ትሆን… የኮቱ ኪስ ውስጥ ትሆን… ደብዳቤው ዛሬ ካልወጣ እኔም ኮቱን ለነገ አቆየዋለሁ፤ እስከዚያ ኪሱን በደንብ እፈትሸዋለሁ። ቸኩሎ የሚያስቸኩለኝ ከሌለ እኔ ምን አስቸኮለኝ?

ቀና አትበዪ። ያንን ሸሚዝ እጠፊ። ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሽ? መሳቢያም ተከፈተ… ቆይ።

ወረቀት ሲቀደድ ድምፁ እንዴት ደስ ይላል፣ ልክ እንደ አዲስ የፖፕሊን ጨርቅ። አንድ። ሁለት። አሁንም? ይበቃ ነበር፤ ጠንቃቃ ሰው ናት።

በይ ተነሺ፣ ውረጂና ለኮሌታ ሰፊዋ ሁለት ደርዘን ኮሌታ ይጠብቅሻል በያት። ክኒኗም ጠረጴዛው ላይ ወጥቷል፤ ማንንም ሳትለምን ታንሳው። ስንት ሰዓት ነው? ስድስት? ለምሳ ግማሽ ሰዓት ቀረን፣ ለክኒኗ በልኩ ትደርሳለች። አንድ ፍሬ ደግሞ እዚያው ትተው በያት፣ ጫፉን ቀንጥባ፣ የሚያስፈልገው ሰው ይኖር ይሆናል።

ለዚያች ሰው እኔ ክፉ ተመኝቼላት አላውቅም። ዕድሜ ይስጣት። ወንበሯን ያጽናላት፣ ውኃዋን ያጣፍጥላት። ይህን ቁርጠት ከላይዋ ላይ ነቅሎ፣ አንጀቷን ልክ እንደ ልቧ ያድርግላት… የሰው እንባ እያየ እንኳ አንዴ የማይኮማተር።