የሙሽሪት እናት

ያን የታክሲ ወሬ ንገሪን ብለው ልጆቹ ያዙኝ። ከሰንበቴ ወደ ከሚሴ ስንመጣ፣ ከጎኔ አንዲት ወጣት ተዋናይት ከአንዲት እናት ጋር ታወራለች። የተዋናይቷ አባት መንገድ ሊሠራ የመጣ ቻይናዊ፣ እናቷ የከሚሴ ሴት ናት።

«ቲያትር ላይ ሁሌ ቻይናዊት ነጋዴ ያደርጉኛል፣ እትዬ። ‹አማርኛሽን ሰባብሪው› ይሉኛል።»

«የከሚሴ ልጅ? ወይ ጉድ!»

«አሁን ግን የሙሽሪት እናት ልሁን ብዬ ተፈተንኩ። አዘጋጁ ‹በዚህ ፊትሽ ማን ያምንሻል?› አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«እናቴ እህቴን ስትድር እንደመረቀቻት፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ መረቅኩ።»

«እሱስ?»

«ሳያስበው እጁን ዘርግቶ ‹አሚን!› አለ። ወላሂ፣ እናትየዋን ሰጡኝ!»

«ማሻአላህ! እናትሽ ሰማች?»

«ገና ነው፣ ልነግራት እየሄድኩ ነው።»

በሩ አጠገብ የተቀመጥኩት እኔ ስለነበርኩ፣ ታክሲው ገና ሳይቆም እግሬን ሰብስቤ መንገድ ለቀቅኩላት።