አንድ ሚስማር የጎደለው ወንበር

ጋሼ፣ ዛሬ ልንሸኝዎት ተሰብስበናል፤ መጀመሪያ ትምህርት ቤታችን የመጡ ቀን ግን ዘበኛችን እየሮጠ ቢሮዬ ገባ። «አንድ ሰውዬ ሜትር ይዞ በር ላይ ቆሟል። ልጆቹን ልለካ ነው የመጣሁት ይላል።»

«ልብስ ሰፊ ነው?»

«አናጢ ነኝ ነው የሚለው።»

«አናጢ ልጅ ለክቶ ምን ያደርግለታል?»

«እሱን እኔም ጠይቄዋለሁ። ‹በሩን የሚከፍቱት እነሱ አይደሉም እንዴ?› አለኝ።»

ያን ቀን ከበር ብንመልስዎት ኖሮ ግንባሬ ዛሬ ጤነኛ ነበር። የእንጨት ሥራ ክፍሉ በር የተሠራው ለሁለተኛ ክፍል ተማሪ ቁመት ነው። እስቲ እዚያ በር ላይ ያልተመታችሁ መምህራን እጃችሁን አውጡ... አየሁ፤ አዲሷ የሙዚቃ መምህርት ብቻ። አይዞሽ፣ ይደርስሻል።

እኔ የንብረት ክፍል ኃላፊ ነኝ፤ ስሜት ውስጥ ብዙም አልገባም። የምወደው የሚለካ ነገር ነው። እርስዎ ግን እንጨት ሲጠይቁኝ «ርዝመቱ ሁለት የመዋዕለ ሕፃናት ልጅ ተኩል ይሁን» ነው የሚሉት። «ኧረ በሜትር ይንገሩኝ» ስልዎት «ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሜትር አይደለም» ብለውኝ እርፍ።

ቅጽል ስምዎን ያውቁታል ብዬ ነው የምናገረው፤ «ጋሽ አንድ ቀረው»። ጨርሰው ያስረከቡን ዕቃ የለማ! የአሻንጉሊት ቲያትሩ መድረክ አንድ ሚስማር ይጎድለዋል፣ የዛፍ ላይ ቤቱ መሰላል የመጨረሻዋ መርገጫ የለችውም።

የግቢውን ድልድይ የሠሩ ጊዜማ ጉድ ነው የፈላው። ወላጆች ተጠርተዋል፣ ርዕሰ መምህርቷ መቀስ ይዘዋል፣ ሪባኑ ተወጥሯል። ብናይ መሃል ላይ አንድ ጣውላ የለም። «ምነው ጋሼ?» ቢባሉ «እሱ የኔ ሥራ አይደለም፤ የልጆቹ ነው» አሉና ጣውላውንና መዶሻውን ልጆቹ ፊት አስቀመጡ።

እኔ ደሜ ፈላ። ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ «ሥራን ሳያጠናቅቁ ማስረከብ» የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፍኩብዎት።

ልጄ ያኔ እዚሁ አንደኛ ክፍል ነበረች። ክፍል ውስጥ ድምፅዋ አይሰማም ነበር፤ መምህሯ በየጊዜው ትጠራኝ ነበር። ያን ቀን ቤት ስገባ በሩን እንኳ ሳልዘጋ «አባዬ፣ ድልድዩን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለችኝ። «ሚስማሩ ተጣሞብኝ ነበር። ጋሼ ምንም አላሉኝም። ራሴ ነቀልኩትና እንደገና መታሁት።» እንዳላቋርጣት ብዬ ኮቴን ሳላወልቅ ቆሜ ሰማኋት። እራት እስኪቀርብ ድረስ አወራች።

ደብዳቤውን አልሰጠሁዎትም። ግን ቀድጄም አልጣልኩትም፤ ምስጋናም ከአፌ አልወጣም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬው፣ በተገናኘን ቁጥር «ይሄ ነገር መቼ ነው የሚያልቀው?» እያልኩ ስነዘንዝዎት ኖርኩ። ይኸው ደብዳቤው። ፊርማዬ ብቻ ነው የቀረው፤ ከእርስዎ የተማርኩት ይቺን ብቻ ነው። አሁን ፊትዎ ልቅደደው። ጋሼ፣ ተሳስቼ ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ። ልጄን እንድትናገር ስላደረጓት አመሰግንዎታለሁ።

ጥግ ላይ ጨርቅ የለበሰው ነገር ወንበርዎ ነው። ልጆቹ ናቸው የሠሩት። ባለፈው ሳምንት ከመካከላቸው ትንሿ ልጅ በክር እግርዎን ስትለካ «ምን እያደረግሽ ነው?» ብለዋት ነበር አሉ፤ ለዚህ ነው። ትናንት ስረከባቸው ሁሉንም ፈትሼ መደገፊያው ላይ አንድ ሚስማር አጣሁ። «ይሄስ?» ብላቸው ሁሉም ባንድ አፍ «እሱ የኛ ሥራ አይደለም፤ የጋሼ ነው» አሉኝ።

መዶሻው ይኸው። በሉ ሁላችሁም ብርጭቋችሁን አንሱ፤ ጋሼ ሚስማሩን መትተው እስኪቀመጡ ድረስ ማንም አይጠጣም። ቢጣመም ችግር የለም፣ ይነቅሉትና እንደገና ይመቱታል። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት፣ እጅዎ ይባረክ። ለጋሽ አንድ ቀረው!