ፀጉሯ እንዳይቆረጥ

— ሄሎ... ማነው? ... ሄሎ፣ አይሰማም። ... ጋዳዳር ነህ እንዴ? ቁጥሩ ያንተ አይደለም እኮ፣ ወንድሜ። ... የጉሩጂ ስልክ? አንተ የጉሩጂን ስልክ ምን ትሠራበታለህ? ... እሺ፣ ያንተው ቻርጅ ከጨረሰ ምን ይደረጋል። ... ደህና ነን። ሙቀቱ ሊጨርሰን ነው እንጂ እኛስ ደህና ነን። አንዴ ቆየኝ...

— ቱኒ፣ እግርሽን ከግድግዳው ላይ አውርጂ። ሰው በእግሩ ነው የሚቆመው። ይልቅ ጣሪያ ላይ ውጪና ያሰጣሁትን ምስር ጠብቂ፣ ቁራ ሊጨርሰው ነው።

— እ፣ በል ንገረኝ። ... ቱኒን ዳንስ ሊያስተምሯት ተቀበሏት? ... እውነትህን ነው? ጉሩጂ ራሳቸው? ... ቀስ በል እንጂ፣ ልቤን አታስደንግጠው። ... በቤተ መቅደሱ የጀልባ በዓል ጊዜ ኩሬው ዳር አይተዋታል። እንዴት ይረሳኛል። የሳቸው ተማሪ ልጆች ጀልባው ላይ ሲጨፍሩ ሲገለባበጡ፣ የኔዋ ደግሞ ደረጃው ላይ አብራ ስትጨፍር አብራ ስትገለበጥ፣ ሳሪዬን አጥፋ ታጥቃ፣ አምባሬን እስከ ክርኗ ደርድራ፣ ኩሌን ተኩላ... ኩሬ ገባች ብዬ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። እሳቸው ለካ ያን ጊዜ እያዩዋት ነው። ... «እንዲህ ያለ ወገብ በዘመኔ አላየሁም» አሉ? ... ይበሉ፣ ይበሉ፣ ደስ ብሎኛል።

— ወንድሜ ነው፣ እማማ። ... ጋዳዳር። ... ኧረ ሰው አልሞተም፣ ስለ ቱኒ ትምህርት ነው።

— አማቴ ናት፣ ስልክ ሲጮህ መርዶ ይመስላታል። እና መቼ ላምጣት? ... ሐሙስ። እሺ። ሌላስ? ... ፀጉር እንዳይቆረጥ? የማን ፀጉር? ... የቱኒን ፀጉር ማን ይቆርጣል ደግሞ። ... «እንዲህ አድርጋችሁ ስላሳደጋችሁት አምላክ ጃጋናት ይስጣችሁ»? ... አይ፣ አልከፋኝም፣ ግራ ገብቶኝ ነው። ሴት ልጅ ወልጄ ፀጉሯን ስላሳደግኩ የተመሰገንኩት ዛሬ ነው። ... እሺ፣ የጉሩጂ ነገር ነው ብለን እንለፈው።

— ልብስስ? ... ሁለት ቁምጣ? ... ቁምጣ ምን ያደርግላታል፣ ጋዳዳር? ... እሺ፣ ለልምምድ። ይሁን። ... ከልጆቹ ጋር እዚያው ነው የሚታደረው? አንድ ክፍል ውስጥ? ... ቆይ፣ ቆይ። ለሴቶቹ ሌላ ክፍል አላቸው ማለት ነው? ... አታውቅም። ከበራቸው ማዶ ሻይ እያፈላህ ኖረህ ይሄን አታውቅም። ... ሴት ስትገባ ስትወጣ አላየህም። ግራ የገባ ነገር ነው። ... እስከ መቼ ነው ትምህርቱ? ... አልሰማሁህም፣ ድገምልኝ። ... ፂም እስኪወጣ ድረስ?

— ፂሙ የሚወጣው የማን ነው?

— ምንም አይደለም፣ እማማ። ... ፂም ነው ያልኩት። ... የማንም ፂም አይደለም፣ ተኚ አንቺ።

— ጋዳዳር፣ አሁን እውነቱን ንገረኝ። ሴት መሆኗን ነግረሃቸዋል? ... አይተዋት እንደሁ አልጠየቅኩህም፣ ነግረሃቸዋል ወይ ነው ያልኩህ። እኔ እኮ ጠይቅልኝ ያልኩህ አንድ ነገር ነው፣ ሴት ይቀበላሉ ወይ ብለህ ጠይቅ። «ተቀበሏት» ስትለኝ ጠይቆ ነው ብዬ... ምን ያስጠይቃል አልክ? ሳሪ ታጥቃ፣ አምባር አድርጋ እያዩዋት? አንተ ሰውዬ፣ እዚያ ቤት አምባር ያላደረገ ወንድ አለ? ፀጉሩን ያልጎነጎነ፣ ኩል ያልተኳለ አለ? የጉሩጂ ልጆች ገና ከሕፃንነታቸው ነው እንደ ሴት ለብሰው የሚጨፍሩት። እሳቸው ሳሪ ታጥቆ የሚገለበጥ ልጅ ካዩ የሚመጣላቸው ወንድ ነው፣ ሌላ መች አይተው ያውቃሉና። አንተ ሴትነቷን አይተዋል ብለህ ዝም፣ እሳቸው ወንድ ነው ብለው ዝም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው።

— ... አልተቆጣሁም። ... ተቆጥቻለሁ፣ እሺ። ለሷ ምን ብዬ እንደምነግራት ስለጠፋኝ ነው እንጂ ባንተማ መች ተገረምኩ። እስቲ አንተው ንገረኝ፣ የት ልውሰዳት? ከተማ ያለችው የዳንስ አስተማሪ ጋ ወሰድኳት፣ ጥሩ ሴትዮ ነች፣ ዘንድሮ እግር መምታትና ዐይን ማዞር ብቻ ነው የምትማሩት አለች፤ የኔዋ ሁለተኛው ሳምንት ላይ መሃል ክፍል ተገልብጣ መብራቱን ከነዘይቱ ደፋችው። «ይቺን ሰርከስ ውሰጂልኝ» ተባልኩ። ስታዲየም ወሰድኳት፣ ጂምናስቲክ። እዚያ ደግሞ መገልበጥስ ትገለበጣለች፣ ግን በተገለበጠች ቁጥር ስታርፍ ወገቧን ሰበር፣ ዐይኗን ቀስ አድርጋ ወደ ጎን... አሰልጣኙ «እዚህ ሰርግ አይደለም» ብሎ አስወጣት። ለዳንሱ መገለባበጧ ከፋ፣ ለመገለባበጡ ዳንሷ ከፋ። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስተምር በዚህ አገር የጉሩጂ ቤት ብቻ ነው፣ እሱም ለወንድ። ከዚያ ወዲህ የማታ ሩዟን እንኳ አንስታ ጥግ ላይ ነው የምትበላው፣ አታናግረኝም። አንጀቴን በልታዋለች።

— ምን? ... እንዴት ሰሙ? ... አጠገብህ ናቸው? ... የስልካቸው ድምፅ ወደ ውጭ ይወጣል? ከመጀመሪያው ጀምሮ? ... ኧረ ጉድ። ይሄን ሁሉ ስቀባጥር አንተ ዝም ብለህ... አትስጣቸው። ጋዳዳር፣ አትስጣቸው አልኩህ፣ ምን ብዬ ነው...

— ሄሎ። እጅ ነሳሁ ጉሩጂ። ... ሱካንቲ እባላለሁ፣ የጋዳዳር ታላቅ እህት ነኝ። ... አዎ፣ ሴት ናት። ... ኧረ ልናታልልዎ አይደለም፣ ወንድሜ ሞኝ ቢሆን እንጂ ውሸታም አይደለም። ... ልክ ነዎት። ... ልክ ነዎት፣ ከጥንትም የሚጨፍረው ወንድ ነው። ... ይገባኛል። እርስዎ አልከለከሉም፣ ሥርዓቱ ነው። ...

— ቱኒ፣ ቁራ ጠብቂ አላልኩሽም? በሩ ላይ ምን ትሠሪያለሽ? ... ምንም አልተባለም። ሂጂ። ... አትሂጂ እሺ፣ እዚያው ቁጭ በይ።

— ይቅርታ ጉሩጂ፣ ልጅቷ ናት። ... ሰምታለች መሰለኝ። ... አይ፣ አታለቅስም፣ ብታለቅስ ይሻል ነበር።

— ጉሩጂ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ? ... ጀልባው ላይ ከፊት የነበረው፣ ያ ቀጭኑ፣ እግሩን ከኋላ አምጥቶ ራሱ ላይ የሚያሳርፈው። አሁንም አለ? ... ሄደ። ድምፁ ጎረነነ። ... ሆቴል ገባ? ሳህን ያጥባል? ... ውይ፣ እኔስ ማዘኔ። ያ ወገብ ሳህን ላይ ጎብጦ። ... ከሱ በፊት የነበረውስ? ... እሱም። ... ያንንም እንደ ልጅዎ ነበር የሚያዩት፣ አውቃለሁ፣ አገር ያወራል።

— ጉሩጂ፣ ድፍረት አይሁንብኝና፣ እርስዎ በስንት ልፋት ያሳድጓቸዋል፣ ገና ነገሩ ደማቸው ውስጥ ሲገባ ፂም ይመጣና ይወስድብዎታል። የኔ ልጅ ፂም አታወጣም።

— ሄሎ? ... ጉሩጂ፣ ይሰማሉ? ... ሄሎ?

— ጋዳዳር? ምን ሆኑ? አስቀየምኳቸው? ... እየሳቁ ነው? ... እየሳቁም አይደለም። ታዲያ ምን እያደረጉ ነው? ... ግቢው ውስጥ የሚለማመዱትን ልጆች እያዩ። ... ተዋቸው። አታናግራቸው፣ ተዋቸው።

— እሱ ነው፣ እማማ፣ ወንድሜ ነው። ... አልተጣላሁም። እኔ እንጃ፣ ተጣልቼም ይሆናል።

— ... አቤት ጉሩጂ። አለሁ። ... እዚያ ማደር አትችልም፣ አዎ፣ እኔም አላሳድራትም። ጠዋት በአውቶቡስ አመጣታለሁ፣ ማታ ጋዳዳር ይመልሳታል። ጥፋቱ የሱ ስለሆነ ይካሰን። ... የቤተ መቅደሱ ሰዎች ምን እንደሚሉ አያውቁም። ... ጀልባው ላይ ትወጣለች ብለው ቃል አይገቡም። እኔም ጀልባ አልጠየቅኩም፣ ደረጃው ይበቃናል። ... ለማየት ብቻ። እሺ፣ ሐሙስ፣ ለማየት ብቻ። ... ቁምጣው? ቁምጣው ይቅር፣ ገባኝ። ...

— እ? ... አልሰማሁዎትም ጉሩጂ፣ አንዴ ይድገሙልኝ።

— ... እሺ። ... እሺ ጉሩጂ፣ ይስጥልኝ። ቅባት እየቀባሁ በደንብ አሳድገዋለሁ። እጅ ነሳሁ።

— ቱኒ። ነይ እስቲ ወደዚህ። ... ፀጉሯ እንዳይቆረጥ አሉ። ... አዎ፣ እሳቸው። ... ያንቺ ነዋ፣ የማን ይሆናል? ሴት መሆንሽን እያወቁ ነው ያሉት። ... ቀስ በይ፣ አያትሽን ትረግጫታለሽ፣ ቱኒ፣ ቀስ...

— ጋዳዳር፣ አለህ? ... በል ስልኩን መልስላቸው፣ የሰው ስልክ ነው። ... እሷ? በእጇ ቆማለች፣ እግሯ ግድግዳው ላይ ነው፣ ሌላ ምን ታደርጋለች። ... አይ፣ አልናገራትም። ትቁም።